«ጥሩ ብረት ነው» ያለው ሰው

የሰፈሩ ሰው ሞረድ ይለዋል። ጠመንጃ አዳሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲሞርድ ይውላል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ግን ብረት መሞረዱን አይተው አልነበረም። ሰውም ይሞርዳል ብለው ነው። አንዱ የአያቱን ጠመንጃ ታቅፎ መጥቶ «ይኼ እኮ ብዙ ታሪክ ያለው ነው» ቢለው፣ «ታሪኩን እቤት አስቀምጠውና ብረቱን ስጠኝ» ይላል። ክፋት የለበትም። ሰው ማናገር ከተወ ቆይቷልና ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጠርዙ አይለሰልስም፤ ነገሩ ያ ብቻ ነው።

ሱቁ ከብስክሌት ጠጋኙ ጀርባ ነው፤ ሦስት ደረጃ ወደ ታች ይወረድለታል። አንዲት ጠባብ መስኮት ከመንገዱ እኩል ተከፍታለች፤ በእሷ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ነው። ከዓመታት ብዛት ሰዉን በጫማው ለይቶታል። ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላው ጥቁር ጫማ የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ ነው፤ ክሩ ሁልጊዜ የሚፈታው የፋርማሲው ሰውዬ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት ቢገናኝ ግን አንዳቸውንም አያውቃቸውም።

ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል። አንድ ልጅ አለችው፤ ወደብ ባለበት ሩቅ ከተማ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላህ?»

እዚህ ላይ ይጠፋበታል። ምግብ በላ እንጂ ምን እንደበላ ልብ አላለም። «ያው፣ ያገኘሁትን» ይላታል፤ እሷም ትተነፍሳለች። ከዚያ ሁለቱም ስለ አየሩ ያወራሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሞረድ የማያውቀው ጫማ መስኮቱ ላይ መጥቶ ቆመ። ቡናማ፣ ዝቅ ያለ፣ በደንብ የተወለወለ የሴት ጫማ ነው። ወደ ፊት ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ። ከዚያ ደረጃውን ወረደ። ባለቤቷ ስልሳ የሚጠጋት ሴት ናት፤ በአንሶላ የተጠቀለለ ረዥም ነገር እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛለች።

«ጋሼ ሞረድ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«የሰዓት ሠሪው ሚስት ነኝ። ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት የነበረው ሰዓት ሠሪ። እሱ እንኳ አርፏል፤ ስምንት ወሩ ነው።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ ሞረድ። ሰዓት ሠሪውን ለማስታወስ ሞከረና አቃተው። ሱቁን ያውቀዋል፤ ሁለት መንገድ ቢሻገር ነው። አንድም ቀን ገብቶበት አያውቅም። የእጅ ሰዓት አያስርም።

አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። አፈሙዝ ያልተገጠመለት ጠመንጃ ነበር። ሰደፉ እንደ አዲስ ከጠንካራ እንጨት ተጠርቧል፤ የእንጨቱ መስመር ከመያዣው ጀምሮ እስከ ጫፉ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ እጅ እንዳያዳልጥ የተቀረጸው ጥልፍ መስመሮቹ በማጉያ ካልሆነ በስተቀር አይቆጠሩም። ብረቱ ደግሞ እንደ መስታወት ተወልውሏል። ሞረድ አርባ ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ እጅ ያየው ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው።

«ማን ሠራው?»

«እሱ ነዋ። ሦስት ዓመት ሙሉ፤ ከእራት በኋላ እስከ መኝታ። ልጃችን የደን ጠባቂ ነው፤ ሲመጣ ልሰጠው ነው ይል ነበር። የጠመንጃው ፈቃድም ይኸው» አለችና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «የቀረው አፈሙዙ ነው። ቢገጥሙልኝ ብዬ ነው።»

«መጀመሪያ ይታያል። ውስጡ የማያዋጣ ከሆነ በላዩ ላይ ሥራ መጨመር ከንቱ ነው።»

ሴትዮዋ ፈገግ አለች። «እሱን እንኳ እርስዎው አይተውታል እኮ! ገና ሊጀምር ሲል ይዞት መጥቶ አሳይቶዎት፣ ጥሩ ብረት ነው ብለውታል። እንዴት ደስ ብሎት እንደገባ! ‹ሞረድ ጥሩ ነው ካለ አለቀ፤ ያ ሰው እናቱንም አያመሰግንም› አለኝ።»

ሞረድ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ሚስቱ ሆስፒታል የተኛች ሰሞን ነው። ለመጠየቂያው ሰዓት ሊደርስ ሱቁን እየቆለፈ ሳለ አንድ ቀጭን ሰው ደረጃው ላይ ጋዜጣ ገልጦ ብረት አሳየው። ሞረድ ቁልፉን በአንድ እጁ እንደያዘ ብረቱን በሌላው አገላበጠው፤ ላዩን አየ፤ የሠሪውን ምልክት አየ። «ጥሩ ብረት ነው» አለና ሮጠ። ነገሩ በጠቅላላው የአንድ ደቂቃ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል።

«ቅዳሜ ይምጡ» አላት። «እስከዚያ አየዋለሁ።»

የጠመንጃ ነገር ለማያውቅ ሰው ሞረድ እንዲህ ብሎ ነው የሚያስረዳው። አፈሙዙን ፍታ፤ ሰደፉን አንሳ፤ የሚቀረው ሆድ ዕቃው ነው። ጥይቱን ከኋላ የሚቆልፈው መቀርቀሪያና መቀርቀሪያው የሚመላለስበት የብረት ቤት ማለት ነው። እንጨት ይለወጣል፣ አፈሙዝ ይለወጣል። ጥይቱ ሲፈነዳ ግን በእሳቱና በተኳሹ ዓይን መካከል ያለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሆድ ዕቃ ሥራ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ ከሥራው ሁሉ ይቀድማል። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ።

ሰኞ ጠዋት ዊንጮቹን በካቻቢቴ ፈትቶ ብረቱን ከእንጨቱ ለየው። ሞርሳው ላይ አስሮ በማጉያ ተመለከተው። ስንጥቅ የለም። መቀርቀሪያው የሚጠመድበት ቦታ አልተደፈጠጠም። ዝገት በልቶት የጎደጎደም የለም። ልቡ ተስፋ ማድረግ ጀመረ። ከዚያ ብረቱን ገልብጦ በእንጨት ተሸፍኖ የሚኖረውን ታችኛውን ፊት አየ። መወልወያው ያልደረሰበት አንድ ጥግ ላይ ግራጫ ቅርፊት አለ፤ ደቃቅ፣ እንደ ዓሣ ገላ የተነባበረ። ሞረድ ይኼን ቅርፊት ያውቀዋል። ዝገት አይሠራውም። የሚሠራው እሳት ነው።

ትንሿን ሞረድ አነሳና በማይታይ ቦታ በቀስታ ሳባት። ጤነኛ ብረት ቢሆን ሞረዷ መስታወት ላይ እንዳለች ተንሸራታ በሄደች። ይኼኛው ላይ ግን ያዘች። ለስላሳ ዱቄት ጣቱ ላይ ቀረ። ሌላ ቦታ ሞከረ፤ ያዘች። ብረቱ አንድ ቀን ከሚቃጠል ቤት ወይም መጋዘን የወጣ ነው፤ ጥንካሬውን እሳቱ ውስጥ ጥሎ መጥቷል። ከዚያ በኋላ አንዱ ነጋዴ አጥቦና ቀብቶ ሸጦታል። ለጥቂት ተኩስ ይችል ይሆናል። ከዚያ አንድ ቀን የደን ጠባቂው ጉንጭ ሰደፉ ላይ እንዳረፈ ይለቃል።

መቀርቀሪያውን ፈትቶ ማየት ነበረበት፤ አላየውም። ሬሳ መሆኑ ከታወቀ ልቡን ማዳመጥ ምን ያደርጋል ብሎ ተወው። ብረቱን ወደ እንጨቱ መልሶ ዊንጮቹን አጠበቀና ብዙ ሰዓት ተቀመጠ።

ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሚጠለፍ ቀሚስ በዘንቢል ይዛ ነበር። ሞረድ በሁለተኛው ወንበር ላይ የተከመሩትን ብረታ ብረቶች አንስቶ አቧራውን በክንዱ ጠረገላት። በወንበሩ ላይ ሰው ከተቀመጠ ስንት ጊዜው ነው!

«እህስ?» አለችው።

ሊነግራት አፉን ከፈተ። «ገና አልጨረስኩም» አለ።

«አይቸኩሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እዚሁ ቁጭ ብዬ ቀሚሴን ልጥለፍ? ብርሃኑ ከቤቴ ይሻላል።»

ብርሃኑ ከቤቷ እንደማይሻል ሞረድ ያውቃል፤ ያቺ መስኮት እንኳን ለጥልፍ ለመርገጫም የምትበቃ ብርሃን አታስገባም። እሷም ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱ የሌላ ሰው ጠመንጃ ይሞርዳል፤ እሷ ትሰፋለች። ሻይ ከብስክሌት ጠጋኙ ጎን ካለው ቤት አስመጣ። ስለ ባሏ አወራችው።

«ሰውዬው ሲያንኮራፋ እንኳ በልክ ነበር» አለች። «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት። እንቅልፍ ሲነሳኝ በእሱ እቆጥር ነበር። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሎ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

ሞረድ ሳያስበው ሳቀ። ሳቁ ለራሱ ጆሮ እንግዳ ሆነበት።

በሁለተኛው ቅዳሜም «አልጨረስኩም» አላት። በዚያ ቀን ካፖርቱን ከማንጠልጠያው አውርዳ ክርኑ ላይ የተቀደደውን ሰፋችለት፤ አላስፈቀደችውም። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት ሞረድ ሱቁን ጠርጎ፣ ዘይት የጠጣውን ጨርቅ ሁሉ ጥሎ፣ ጢሙን ተላጭቶ ጠበቃት። እሑድ ልጁ ስትደውል ምን እንደበላ ነገራት። ልጅቷ ደንግጣ «አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?» አለች።

ማታ ማታ ግን ጋደም ሲል ነገሩ ይመጣበታል። እውነቱን ከነገራት አትመለስም። ካልነገራት ደግሞ የሚቀጥለው ቅዳሜ አለ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። አፈሙዝ እየፈለግሁ ነው እያለ ወራት ሊያቆያት ይችላል። ይኼን ሲያስብ ያለምንም ኀፍረት ደስ ይለዋል፤ ቀጥሎ የማያውቀው የደን ጠባቂ ፊት ይመጣበትና ደስታው ይጠፋል።

በአራተኛው ቅዳሜ ገና ሳትቀመጥ ነገራት።

«ብረቱ አይሆንም።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ሁሉም። እሳት ገብቶበታል፤ ሞቷል። አፈሙዝ ገጥሜ ለልጅዎ ብሰጥ አንድ ቀን ፊቱ ላይ ይፈነዳል።»

ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች። «እርስዎ ጥሩ ነው ብለውት ነበር።»

«ብያለሁ። በደንብ ሳላየው ነው ያልኩት። ሚስቴ ሆስፒታል ነበረች፤ ቸኩዬ ነበር። ይኼ ማመካኛ አይሆንም። ሳላይ ‹አላየሁትም› ማለት ነበረብኝ።»

«መቼ አወቁ? አሁን?»

ሞረድ መዋሸት ይችል ነበር። «የመጡ ሰሞን፤ ሰኞ ዕለት» አለ።

ሴትዮዋ ፊቷ ዳመነ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰደፍ አየች፤ ወንበሩን አየች፤ የተሰፋውን ክርኑን አየች። ሁሉም ገባት። «እና እኔ እዚህ ስመላለስ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ሦስት ዓመት እኮ ነው፣ ጋሼ። ዓይኑን ያጠፋበት ሦስት ዓመት» አለችና ጠመንጃውን ሳትነካ ደረጃውን ወጣች። ቡናማው ጫማ በመስኮቱ አለፈ።

ሁለት ሳምንት አልመጣችም። ሞረድ ጠመንጃውን እዚያው ትቶት ሰነበተ። በመጨረሻ፣ ማንም እጅ ገብቶ አደጋ እንዳያመጣ ሆድ ዕቃውን በሴጌቶ ለመቁረጥ ወሰነ። ሞርሳው ላይ ከማሰሩ በፊት መቀርቀሪያውን አወጣ፤ ያን ጊዜ ሳያየው የተወውን ፈታው።

ከውስጡ ሞላው፣ ተጠምዝዞ የሚፈናጠረው ሽቦ፣ ወጣ። ሞረድ በጣቱ ጫነው፤ ተመልሶ ተፈናጠረ። ግራ ገባው። ብረቱ እሳት ከገባበት ሞላው ከሁሉ በፊት መሞት ነበረበት። ወደ አምፖሉ አቀረበው። የፋብሪካ አይደለም፤ በእጅ የተጠመዘዘ፣ ጫፉ እንደ ሰዓት ሞላ ተሞርዶ የለሰለሰ ነው። ሰዓት ሠሪው አሮጌው ሞላ መሞቱን አይቶ በገዛ እጁ ሌላ ሠርቶለታል።

ቀጥሎ ጥይቱን ከኋላ የሚወጋውን መርፌ አወጣ። አጭር ነበር። አልተሰበረም፤ በልክ ተቆርጦ ጫፉ ተድቦልቡሎ ተወልውሏል። ሺህ ጊዜ ምላጩ ቢሳብ ጥይት አይነካም። ሞረድ ሁለቱን ብረቶች መዳፉ ላይ አድርጎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግሥቱ ካፖርቱን ለብሶ ቤቷ ሄደ። ከፋርማሲው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነው። በሩን ስትከፍትለት «ይግቡ» አለች፤ ቃሉ ለስለስ ያለ አልነበረም። መስኮቱ ሥር የሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ እንዳለ አለ፤ የዓይን ማጉያው፣ ጥቃቅን ወረንጦዎቹ፣ ሁሉም በተርታ።

ሞረድ ሞላውንና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያውቅ ነበር» አላት።

«ምኑን?»

«ብረቱ ሞቶ እንደነበር። ይኼ ሞላ የእሱ ሥራ ነው። ሰዓት ሠሪ ሞላ ሲሞት አይጠፋውም፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። መርፌውን ደግሞ እንዳይተኮስ አድርጎ ቆርጦታል። ለልጁ ሊሰጠው ያሰበው ለማስቀመጫ እንጂ ለመተኮሻ አልነበረም።»

ሴትዮዋ መርፌውን አንስታ በጣቷ ጫፉን ነካችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሹልና ዱልዱም መርፌ ትለያለች።

«መቼ ያወቀ ይመስልዎታል?»

«ገና ሲጀምር። አሮጌ ጠመንጃ ሲፈታ መጀመሪያ የሚታጠበው ሞላው ነው።»

መርፌውን ከሞላው ጎን መልሳ አስቀመጠች። «አንድ ቀን ብረቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ» አለች ቀስ ብላ። «እርስዎ ጥሩ ብረት ነው ካሉት ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ‹ሞረድ ጋ ደርሼ ልምጣ፤ አንድ የምነግረው ነገር አለ› አለኝ። ወዲያው ተመለሰ። ‹ምነው?› ስለው፣ ‹ሱቁ ተዘግቷል፤ የሐዘን ወረቀት ተለጥፎበታል። ሚስቱ ሞታበታለች አሉኝ› አለ። ኮቱን ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ወደ እርስዎ የመሄዱን ነገር አንስቶት አያውቅም።»

ሞረድ በዚያ ሳምንት ወደ ቤቱ የመጡትን ሰዎች ፊት አያስታውስም፤ ያልመጣውን አንድ ሰው ከየት ያስታውሰዋል። ሰዓት ሠሪው በሌላ ቀን ሊመጣ ይችል ነበር። ከወር በኋላ፣ ከዓመት በኋላ፣ «ያ ብረት አታለለን እኮ» ብሎ ሊስቅበት ይችል ነበር። ሞረድም ስህተቱን አምኖ ሻይ ያስመጣ ነበር። ሁለት መንገድ ተሻግሮ አንድ የሚያወራው ሰው ነበረው፤ ሳያውቀው አመለጠው።

«ታዲያ ሙት መሆኑን እያወቀ ለምን ሦስት ዓመት ለፋበት?» አለች ሴትዮዋ። «ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«እንጃ፣ እህቴ። እንጨቱን ሲጠርብ ደስ ብሎት ይሆናል።»

«ደስ ይለው ነበር» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ከለቅሶው ወደ ሳቅ ተመለሰ። «መቼ ነው የምትጨርሰው ስለው ‹ምን አስቸኮለሽ› ይለኝ ነበር። ይኼ ሰዓት ሠሪ! የሰውን ሁሉ ሰዓት እያስተካከለ የራሱን ሥራ እንዳያልቅ ይጎትት ኖሯል።»

ሻይ አፈላች፤ ጠጡ። ስለ ቅዳሜዎቹ ሞረድ ይቅርታ ሊጠይቃት ፈለገ፤ አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ቀደመችው። «እኔም እኮ ጥልፉን ቤቴ መጨረስ እችል ነበር» አለች፤ ከዚያ በላይ አላወሩበትም።

ጠመንጃው አልተቆረጠም። ሞረድ ከእንጨቱ ጋር የሚስማማ፣ ቀዳዳ የሌለው ድፍን የብረት ዘንግ በአፈሙዝ ቦታ ገጠመለት፤ መቀርቀሪያውን መልሶ አጣበቀው፤ የፈቃድ ቢሮው «ለመተኮስ የማይሆን» የሚል ማኅተም እንዲያደርግበት ራሱ ይዞ ሄዶ አንድ ቀን ሙሉ ተሰልፎ ዋለ። ለሥራውም ምንም አልተቀበለም። በሙት ብረት ላይ እንዲህ ተጨንቆ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው።

በሁለተኛው ወር ልጇ በጭነት መኪና መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው፤ እናቱን ወደሚሠራበት አገር ሊወስዳት ነው። ሞረድ የስፌት መኪናውን ከሁለተኛው ፎቅ ሲያወርዱ አገዘ። ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ኋላ ያስገባው እሱ ነው። ልጁ እጁን ጨብጦ «አባቴ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር» አለው። ምን ብሎ እንደሆነ ሞረድ አልጠየቀም።

«እጽፍልዎታለሁ» አለች ሴትዮዋ በመስኮት።

አንድ ደብዳቤ ጽፋለች። ጠመንጃው ሳሎን ውስጥ ከመጽሐፍ መደርደሪያው በላይ መሰቀሉን፣ የልጅ ልጆቿ «አያታችን አንበሳ ገድሎበታል» እያሉ ለጎረቤት ልጅ ማውራታቸውን፣ እሷም ዝም እንዳለቻቸው፣ እንቅልፏ ትንሽ እንደተሻላት ትነግረዋለች። በመጨረሻ ስለ ጤናው ትጠይቀዋለች።

ሞረድ ሁለት ጊዜ መልስ ጀምሯል። ሁለቱም ጊዜ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል።